ሳላየው አውቀዋለሁ ያልኩት ሰው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነበርና ፈርቼ ዋልኩ። ከቡልጋ ወርጄ አዳማ ከገባሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር፤ ያኔ ከተማዋ ናዝሬት አልተባለችም። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆዳ የሚገዛ አንድ የህንድ ነጋዴ ነበረ። ለጸሐፊው ረዳት ይፈልጋል ሲሉኝ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ገባሁ። የማውቀው ከሚሲዮኖች ዘንድ ስምንት ወር የለቃቀምኩትን ብቻ ነው። ነገሩ ጣሊያን ከመምጣቱ አንድ አሥር ዓመት ቀደም ይላል።

ጸሐፊው ቃሲም ይባላል፤ እሱም ህንዳዊ ነው። ቀጭን፣ መነጽራም፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ የማይነቅል ሰው። አማርኛውን የለመደው ከገበያ ሴቶች ነው መሰለኝ፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። እንደገባሁ ከክምሩ አንድ ቆዳ ጎትቶ እግሬ ሥር ጣለና፣

«ምንድር ነው?» አለኝ።

«ቆዳ ነው።»

«ቆዳ መሆኑን ዝንቡም ያውቃል። ምን ዓይነት ቆዳ? ስንት ቆዳ? የትኛው ቆዳ? የማን ቆዳ? አንቺ ይኼን ካልጻፍሽ ባሕር ማዶ ዔደን ወደብ የተቀመጠው ጌታ በምን ያውቃል?»

የእንግሊዝኛን ቅጽል እንዲህ ተማርኩ፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቆዳ። ደረቅ፣ እርጥብ፣ ወፍራም፣ የተበሳ፤ እነዚህ የዓይነት ቅጽሎች ናቸው። ብዙ፣ ጥቂት፣ በቂ የሚሉት የመጠን ናቸው። አንድ፣ አርባ፣ ሦስተኛ የቁጥር ናቸው። ይህ፣ ያ፣ እነዚያ አመልካቾች ናቸው፤ በጣት ማሳየት ማለት ነው። የትኛውና የማን ጠያቂዎች፣ የእኔና የእርስዎ ደግሞ የባለቤት ናቸው። እያንዳንዱ የሚለውንም ለብቻው ያስቀምጡታል። እኔ ቅጽል ማለት መልካምና ክፉ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወደ ቤቴ ስሄድ የበሩን፣ የድንጋዩን፣ የሰውን ዓይነትና ቁጥር እያልኩ በከንፈሬ ስደግም ሰዎች ያበድኩ መስሏቸው ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር ጉድ ፈላ። ቃሲም ቆዳውን በሦስት ደረጃ እንድለይ አዞኝ ነበር፤ ጥሩ፣ የተሻለ፣ ከሁሉ የበለጠ። እንግሊዝኛው ለሦስቱም የየራሱ ቃል አለው። ችግሩ ቆዳውን ያመጡት ሽማግሌዎች አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። አንዱ በዕድሜ የአባቴ ታላቅ ይሆናሉ። በፊታቸው «ይኼ የርስዎ ቆዳ ዝቅተኛ ነው» ብሎ መጻፍ እንዴት ይቻላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ክምሩን ሁሉ «ከሁሉ የበለጠ» ብዬ ጻፍኩት። ከዔደን የመጣው መልስ ምን ይል እንደነበር አልነግራችሁም። ቃሲም ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ይዞ፣ «ሁሉም ከሁሉ ከበለጠ ማንን በለጠ?» አለኝ። ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። አላባረረኝም። እኔ ግን ይሉኝታዬን አልተውኩም፤ ተደብቆ ቆየ እንጂ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ቃሲምም አብሮ ሄደ። እኔ አንዲት ጠረጴዛ፣ ለአማርኛው የመቃ ብዕር፣ ለእንግሊዝኛው ባለ ብረት ጫፍ ብዕር፣ ሁለት ብልቃጥ ቀለም ይዤ ከጣቢያው በረንዳ ሥር ተቀመጥኩ። በከተማው እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሌላ ሰው አልነበረም። ባቡሩ በመጣ ቁጥር ወደ ዝዋይ፣ ወደ አርሲ የሚወርዱ ፈረንጆች ይወርዱ ነበር፤ ለአደን የሚሄድ አለ፣ አገር የሚለካ አለ። ሁሉም በቅሎ ነጂ፣ ምግብ አብሳይ፣ መንገድ መሪ ይፈልጋሉ። ፈረንጅ ደግሞ ያለ ወረቀት ሰው አይቀጥርም። ስለዚህ ሥራዬ የምስክር ወረቀት መጻፍ ሆነ።

አጻጻፉን ከአንድ ምግብ አብሳይ አሮጌ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። «ይህ ሰው ታማኝ፣ ታታሪ፣ ታዛዥ፣ ንጹሕና የማይሰክር ነው» ይላል። አምስት ቅጽል፣ አምስቱም የዓይነት። ለሁሉም ያንኑ ጻፍኩ። ሲደጋገም እጄ ራሱ ይጽፈዋል፤ እኔ ስለ ሌላ ነገር እጨነቃለሁ። ቀለሙ ይበቃኝ ይሆን? ባቡሩ ዘገየ፣ ምን ሆኖ ይሆን? ሹሙ ከበረንዳው ያስነሣኝ ይሆን?

አንድ ነገር ግን እኛው ጨመርንበት። የአገሬው ሰው ስም የሌለበትን ወረቀት አያምንም። «ማን ያውቀኛል ብለህ ነው የጻፍከው? ስምህን አኑርበት እንጂ» ይሉኛል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ሥር በአማርኛ «ሰውየውን አውቀዋለሁ» ብዬ ስሜን መጻፍ ጀመርኩ። ፈረንጁ ያንን አያነብም፤ ደንበኞቼ ግን ደስ ይላቸው ነበር። እኔም ማኅተም ያለው ሹም የሆንኩ ያህል ኮራ አልኩበት።

አንድ የክረምት ማለዳ ባቡሩ ሊገባ ሲል ሰባት ሰው ተሰልፎብኛል። በዚህ መካከል አንድ ግራዝማች መጡ፤ ከቦራ በኩል መሬት ያላቸው፣ የማከብራቸው ሰው ናቸው። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

«ልጄ፣ ይኼ ጢሰኛዬ ቱፋ ይባላል። ለፈረንጅ በቅሎ ሊነዳ ይፈልጋል። ጥሩ አድርገህ ጻፍለት፤ እኔ በዚሁ ባቡር ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁና ቶሎ በል» አሉኝ።

ቱፋ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ቆሞ ነበር ማለት ብቻ ነው የምችለው። ኩታውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር መሰለኝ። «አካም ጅርታ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት፣ ዐይኔ ወረቀቱ ላይ እንዳለ። «ነጋ» አለ፤ ደህና ማለቱ ነው። አምስቱን ቅጽሎች ጻፍኩ፣ «አውቀዋለሁ» ብዬ ፈረምኩ፣ ሰጠሁት።

ከባቡሩ የወረደው እንግሊዝ የሐይቅ ጥልቀት ሊለካ የመጣ ነበር። ወረቀቱን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ የመለኪያ መሣሪያውን ሣጥን በአንዲት በቅሎ አስጭኖ ቱፋን በዚያው ሰዓት ወደ ዝዋይ አስቀደመው። እሱ በማግስቱ ሌላ መሪ ይዞ ተከተለ። በስድስተኛው ቀን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተመለሰ። ቱፋ የለም። በቅሎዋ የለችም። ሣጥኑ የለም።

ዳኛው ባላምባራስ ነበሩ፤ ከጣቢያው ጀርባ ከግራሩ ሥር ያስችላሉ። እንግሊዙ ይጮኻል። በከተማው ሌላ አስተርጓሚ ስለሌለ የጠሩት እኔን ነው።

«ምን ይላል?» አሉ ባላምባራስ።

«ያስቀደምኩት ሰው በቅሎዬንና ሣጥኔን ይዞ ጠፋ ይላል፣ ጌታዬ።»

«ሰውየውን በምን አምኖ ቀጠረው?»

እንግሊዙን ጠይቄ መለስኩ። «ወረቀት አይቼ ነው ይላል።»

«ወረቀቱን ማን ጻፈው?»

ይህንን ለእንግሊዙ መተርጎም አላስፈለገም። «እኔ ነኝ» አልኩ። የራሴን ክስ በራሴ አፍ ተርጉሜ ጨረስኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለጠላቴም አልመኝም።

ባላምባራስ ወረቀቱን ተቀብለው የእንግሊዝኛውን ትተው የታችኛውን መስመር አነበቡ። «አውቀዋለሁ ብለሃል።»

«እሱ እንኳን፣ ጌታዬ፣ የአጻጻፍ ወግ ነው።»

«በፈረንጅ ዘንድ ወግ ይሆናል። በእኛ ዘንድ አውቀዋለሁ ብሎ ስሙን ያኖረ ሰው ዋስ ነው። ዋስ ደግሞ ሰውየውን ያመጣል፤ ካላመጣም በእሱ እግር ገብቶ ቅጣቱን ይቀበላል።»

ቀጥለው የሚፈለገውን ሰው መልክ ጠየቁ። እንግሊዙ ሲጠየቅ አሰብ አደረገና አንድ ቃል ብቻ ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ጥቁር ነው አለ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «እኛስ ምንድን ነን?» አሉ ባላምባራስ። ከጣቢያው ሰው ሲጠየቅ ደግሞ በቅሎዋን ያላስተዋለ አልነበረም። ቀለሟን፣ የጆሮዋን ቅጥ፣ አረማመዷን፣ የግራ ሸኾናዋን መሰንጠቅ ሳይቀር እየተሻሙ ተናገሩ። ሰውየውን ያስተዋለ አንድም አልተገኘም። የሚያውቁት ግራዝማች ከአዲስ አበባ አልተመለሱምና ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ? የምታውቀው አንተ ነህ። ምን ይመስላል?»

እግዜር ያሳያችሁ። ታማኝ፣ ታታሪ፣ ታዛዥ፣ ንጹሕ፣ የማይሰክር ልበል? ረጅም ይሁን አጭር አላውቅም። ሽማግሌ ይሁን ጎልማሳ አላውቅም። አላየሁትም! አላየሁትም ብል ደግሞ በሐሰት ፈርሜያለሁ ማለት ነው፤ ለዚያ ጅራፍ አለ። «ረዘም ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ቀጭን ነው» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የችሎቱ ጸሐፊ ጻፈው፤ ፈረሰኞችም ወደ ሞጆ፣ ወደ ወንጂና ወደ ቦፋ ወጡ።

እኔ በቁራኛ ተያዝኩ። የዛሬ ልጆች አታውቁትም፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ አብረው የሚታሰሩበት ነው። እንግሊዙን ማሰር ስለማይቻል በሱ ፈንታ ምግብ አብሳዩ አየለ ተሰጠኝ። አየለ በኋለኛው ባቡር ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቱፋን ያላየ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። የእኔ ቀኝ እጅ ከሱ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ተቆራኘ። በምጽፍበት እጄ!

«ወንድሜ፣ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አልተጠጋችኝም» ይለኛል። ድስት ሲያማስል አብሬ አማስላለሁ። ሜዳ ስወጣ አብሮኝ ይወጣል፤ ፊቱን አዙሮ ያፏጫል። ከላይ ቢስቅም የሰንሰለቱ ቁስል እሱንም ያመው ነበር።

በሁለተኛው ቀን፣ «እንዲያው በሞቴ፣ ሰውየው እውነት ረጅም ነው?» አለኝ።

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«ስትናገር ላብህ እስከ አገጭህ ወርዶ አይቼ ነው።»

ድስቱን አብሬው ማማሰሌን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ጸሎት ሆነ። ፈረሰኞቹ ሰው አያግኙ ብዬ እጸልያለሁ፤ ደግሞ ካላገኙ የምታሰረው እኔ ነኝ፤ ያግኙ ብዬ እጸልያለሁ። ሁለቱም ጸሎት ባንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ!

በአራተኛው ቀን አንድ ሰው አመጡ። እጁ ወደ ኋላ ተጠፍሯል። ረዘም ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ቀጭን። የቃሌን ልክ ቆርጠው የሰፉት ይመስላል። ዋቆ ይባላል፤ ከቦፋ ማሽላ በአህዮች ጭኖ ሲመጣ መንገድ ላይ ያዙት። ከዚያም ማንም ሳይሰማው ሁለት ቀን አስረው አቆዩት። ስሙ ቱፋ እንዳልሆነ ቢምል፣ «ሌባ ስሙን አይናገርም» አሉት።

ባላምባራስ ጠሩኝ፤ ከነአየለ ቀረብኩ። «ይህ ነው?»

ዋቆ አየኝ። እስከዚያ ከፈራሁት ሁሉ የበለጠ የፈራሁት እዚህ ላይ ነው። የማውቀው ሰው ቢሆን አይደለም ማለት ቀላል ነበር። ችግሩ አለማወቄ ነው። ቱፋ ይሁን አይሁን እኔ በምን አውቃለሁ? ምናልባት እሱ ይሆናል። አዎ ብል እጄ ዛሬ ይፈታል፣ ነገ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ፣ ዋሸህ የሚለኝም የለም። ዋቆ ደግሞ ወህኒ ይወርዳል። ምላሴ «አዎ» ለማለት ከላንቃዬ ሲላቀቅ ተሰምቶኛል፤ ይህንን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አየለ ሰንሰለቱን በቀስታ ጎተተና፣ «ላብህ» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ምን ማለት ነው አላውቅም?»

«ቱፋን አላየሁትም። ስጽፍለት ቀና ብዬ አላየሁትም። ረጅምም ቀይም ያልኩት ከፍርሃቴ የተነሣ ነው። ይህ ሰው ይሁን አይሁን አላውቅም።»

እንግሊዙ ምን አልክ እያለ ይወተውተኛል፤ ለሱም ተረጎምኩለት። ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያላየኸውን አውቀዋለሁ ብለህ ፈረምክ። ያላየኸውን መልክ ሰጠህ። ሁለት ጊዜ» አሉ። «ይህን ሰው ፍቱት። አንተ ሰውየው እስኪገኝ ባለህበት ትቆያለህ። በሳምንት ውስጥ ካልተገኘ ሃያ ጅራፍ ተቀብለህ ወህኒ ትወርዳለህ።»

ዋቆን ፈቱት። እጁን እያሻሸ ሄደ። ወደ እኔ አልዞረም።

ቱፋ ከጠፋ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ከፍርዱ በአምስተኛው ቀን መጣ። በቀጥታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቅሎዋን እየሳበ። ሣጥኑ ከነቁልፉ ጀርባዋ ላይ ነው። አጭር ሰው ነው! ጥቁር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ጢሙ የሸበተ፤ የዕድሜ ባለጸጋ። ሳየው ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ፤ አየለማ ሰንሰለቱን ረስቶ ሲያጨበጭብ የእኔንም እጅ አብሮ አጨበጨበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዋሽ ሞልቶ መሻገሪያው ጠፋ። ቱፋ ሣጥኑ እንዳይርስ ብሎ ከወንዙ ዳር ከአንድ ዘመዱ ጎጆ ውሃው እስኪጎድል ሰነበተ። እንግሊዙ ከላይ በሌላ መሻገሪያ አልፎ ነበር። ቱፋ ውሃው ሲቀንስ ተሻግሮ ዝዋይ ወረደ፣ በሐይቁ ዳር ቀናት ጠበቀ፣ ማንም ሳይመጣ ሲቀር አደራውን ይዞ ተመለሰ።

«ሣጥኑን ጥዬ ብመለስ ምን እባል ነበር?» አለን፣ ግራ ተጋብቶ። ስለ እሱ ያ ሁሉ ነገር መሆኑን አልሰማም ነበር።

እንግሊዙ ሣጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን አገላብጦ አየ። ደህና ነው። ከእኔ እጅ ላይ ሰንሰለቱ እንደወለቀ ለቱፋ አዲስ ወረቀት እንድጽፍለት ጠየቀኝ፤ እሱ ፈርሞ ሊሰጠው። ጣቶቼ ደንዝዘው ብዕሩ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ቱፋን አስቀመጥኩት፣ ኩታውን ከፊቱ እንዲያወርድ ለመንኩት፣ አየሁት። ከዚያ ጻፍኩ። «ይህ ሰው አንዲት በቅሎና አንድ የተቆለፈ ሣጥን ተቀበለ። ሁለት ጊዜ አዋሽን ተሻገረ። ያችኑ በቅሎና ያንኑ ሣጥን ሳይከፈት መልሶ አመጣ።» እንግሊዙ አነበበና፣ «ታማኝ ነው አትልም?» አለኝ።

«የሚያነበው ሰው ራሱ ይበለው» አልኩት። ትንሽ አሰበና ፈረመ።

ዋቆን ለመፈለግ አሥር ቀን ፈጀብኝ። ምን እንደምለው ሳላውቅ ነው የፈለግሁት። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከማሽላው አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ታስሮ ሳለ ሜዳ ላይ ከቀሩት አህዮቹ አንዷን ጅብ እንደበላበት ከሰዎች ሰምቼ ነበር። ይቅርታ ልልህ ነው አልኩት።

«ስለ እኔ የተጻፈውን ንገረኝ» አለ። «በምን እንደያዙኝ ልስማ።»

«ረዘም ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ቀጭን።»

«ከዚያስ?»

«ይኸው ነው።»

ገበያውን በአገጩ አሳየኝ። ዞሬ አየሁ። ረዘም ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ቀጭን ሰው በየጉልቱ ነበር፤ ስቆጥር አሥራ አንድ ደርሼ ተውኩት።

«እኔስ?» አለኝ። «አሁን እየኝና እኔን ብቻ የሚያስይዘውን ንገረኝ።»

አየሁት። የግራ ጆሮው ጫፍ የተቀደደ ነው። ቀኝ ቅንድቡ ውስጥ አንዲት ነጭ ፀጉር አለች። የገመዱ ጠባሳ እጁ ላይ ገና አልጠገገም። አንድ በአንድ ነገርኩት። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

«ያን ቀን ቱፋን እንዲህ አይተኸው ቢሆን አህያዬ በሕይወት ነበረች» አለኝ። ወደ ማሽላው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ጻፍኩ፤ በጣቢያውም በፍርድ ቤትም። ለምትጽፉ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት ሰውየውን እዩት። ካላያችሁት አላየሁትም በሉ። ፈርታችሁ የምትሞሉት ቃል ሌላ ሰው ያሳስራል።